አራት ቀን በፈረስ እግር

ልጄ ከደብሊን ደውላ «እማዬ፣ ዘንድሮ ስትመጪ ለየት ያለ ሽርሽር አዘጋጅተንልሻል» ስትለኝ የባሕር ዳርቻ ሆቴል መስሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ ብጠይቃት «ስትደርሺ ታዪዋለሽ» ብላ ሳቀች። በሰኔ 2016 መጨረሻ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሳምንት፣ ደብሊን ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ ምስጢሩን መያዝ አቃተውና የእናቱን ስልክ አምጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ክብ ጣሪያ ያላት፣ ቀይና አረንጓዴ የተቀባች የእንጨት ጎጆ በአራት ጎማ ላይ ቆማለች። ከፊቷ አንድ ግዙፍ ፈረስ ተጠምዷል።

«ይሄማ ጋሪ ነው» አልኩት።

«አዎ እማማ! ጋሪ ሀውስ!» ብሎ ዘለለ።

ሁሉም እኔን እያዩ ይስቃሉ፤ እኔ ግን አፌ ደረቀ። ውድ አንባቢያን፣ እኔ በዲፕሎማ ተመርቄ ዕድሜዬን በጤና ጣቢያና በሆስፒታል የጨረስኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ከ1979 ዓ.ም. ወዲህ ጋሪ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሠላሳ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ባጃጅ ባልነበረበት ዘመን እንኳ በጋሪ ከመሄድ በእግሬ መሄድን እመርጥ ነበር። ምክንያቱን ለባሌም ለልጄም ተናግሬ አላውቅም። ያን ዕለት ማታም ጉልበቴን አመካኘሁ። «እማዬ፣ አልጋ አለው፣ ፍራሽ አለው፤ ደግሞ ተከፍሎበታል» አለችኝ። ተከፍሎበታል ከተባለ በኋላ አያት ምን ትላለች? ዝም አልኩ።

እርሻው ግቢ

ዊክሎ ከደብሊን በስተደቡብ፣ በተራራና በአየርላንድ ባሕር መካከል የሚገኝ አውራጃ ነው። የአገሩ ሰዎች «የአየርላንድ የአትክልት ቦታ» እያሉ ይጠሩታል። አንድ ሰዓት ገደማ በመኪና ተጉዘን ከዊክሎ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ እርሻ ደረስን። በእኛ አገር ክረምቱ ሲገባ የእነሱ በጋ ነው፤ ዝናቡ ግን ይህን የሰማ አይመስልም። ያካፋል፣ ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ እንደገና ያካፋል።

የግቢው ባለቤት ቦቲ ጫማ ያደረጉ፣ በዕድሜ ወደ እኔ የሚጠጉ ሴት ናቸው። ፈረሱን ይዘው መጡ። ባርኒ ይባላል። ኮብ ከሚባለው ዝርያ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ደረቱ ሰፊ፣ ከጉልበቱ በታች እስከ ኮቴው ድረስ ረጅም ፀጉር የወረደለት። ሱሪ የለበሰ ይመስላል። የእኛ አገር የጋሪ ፈረስ ከጎኑ ቢቆም ውርንጭላው ነው የሚባለው።

ሴትዮዋ ሁለት ሰዓት ያህል አስተማሩን። ከኋላው አትቅረቡ፤ ከጎኑ ሆናችሁ እያናገራችሁ ቅረቡ። የምታበሉትን በተዘረጋ መዳፍ ስጡት፤ ጣት ከታጠፈ ካሮት ይመስለዋል። ጠዋት ጠዋት ኮቴውን አንስታችሁ የገባውን ጠጠር አውጡ። ከዚያ በገለባ የተሞላውን ወፍራም የቆዳ ቀለበት በአንገቱ ስታጠልቁ ከሥሩ ያለውን ቆዳ በመዳፋችሁ ዳስሱ፤ ላብና ጭቃ ካለ ጥረጉ፤ ቁስል የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። አልጋ ላይ የከረመ በሽተኛ ጀርባና ተረከዝ እንዳይቆስል ለተማሪዎቼ ስነግር የኖርኩት ትምህርት ነው። ጭነት ያረፈበትን ቆዳ በየቀኑ እይ፣ አድርቅ፣ ቀይ ከሆነ አሳርፍ።

«ሌላው ደግሞ» አሉ ሴትዮዋ፣ «ባርኒ በርምጃ ብቻ ነው የሚሄደው። እንዲሮጥ አታድርጉት። ዳገት ላይ ከሚነዳው ሰው በቀር ሁሉም ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይያዛል፤ አንድ ሰው ከፊት ልጓሙን ይዞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ክብደት ይዞ ከወደቀ በቀላሉ አይነሣም።»

በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር እንድንሄድ፣ ማታ ማታ ደግሞ በየእርሻው በተዘጋጀልን ቦታ እንድናድር ካርታ ሰጡን። ጎጆዋ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛና የጋዝ ምድጃ አለ። መብራትና ሽንት ቤት የለም። እኔ ሽሮና በርበሬዬን ከሻንጣ አወጣሁ፤ የልጄ ባል «እማማ፣ እርስዎ ፊት ይቀመጡ» ብሎ ደግፎ አወጣኝ። ጎጆዋ ስትንቀሳቀስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር

ዓይኔን የከፈትኩት ትንሹ ልጅ «እማማ፣ በግ! እማማ፣ ሌላ በግ!» ሲል ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ቁጥቋጦ ታጥሯል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያየው ያንን አጥር ብቻ ነው። እኛ ግን ከፍ ብለን ስለተቀመጥን ከአጥሩ ማዶ በጉን፣ ላሙን፣ የገብሱን ማሳና ሩቅ ያለውን ተራራ እናያለን። ሰው ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሲራመድ የሚሄደውን ያህል ነው የምንሄደው፤ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ከኋላችን መኪና ሲደረደር ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገን ዳር እንይዛለን፤ የሚያልፉት ሁሉ እጃቸውን እያውለበለቡ ያልፋሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደብሊን በከረምኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከልጅ ልጆቼ ጋር ያወራሁት የዚያን ቀን ያህል አልነበረም። አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱም እንደ አየርላንዶቹ ፈጥኖ የሚፈስስ። እናትና አባት ሥራ ነው፣ ልጆች ትምህርት ቤትና ስልክ ነው፣ እኔ ወጥ ቤት ነኝ። ጋሪዋ ላይ ግን የሚኬድበት ሌላ ክፍል የለም። ስልክ የሚሞላበት መብራት የለም። ስለዚህ ይጠይቁኛል፤ እኔም እመልሳለሁ።

ነገሮቹም ራሳቸው ያግዙኛል። ትንሹ ሽንቱን ሊሸና ወርዶ ቁጥቋጦው ውስጥ ሲገባ ሳማ ለበለበውና እየጮኸ ተመለሰ። ሳማ! ያው የእኛው ሳማ ነው። የእናቱ ጎረቤቶች ባስተማሯት መሠረት እኅቱ ሮጣ ሰፊ ቅጠል በጥሳ አመጣችለት። ባየው ባየው ቱልት ነው፤ እኛም ልጆች ሆነን ሳማ ሲለበልበን የምንታሸው የቱልት ዘመድ። «ይሄንን ማን ነገራችሁ?» ስል «አንቺስ በምን አወቅሽ?» አለችኝ። እንደ ነርስነቴ የሚያስታግሰው ከቅጠሉ ይልቅ ቀዝቃዛ ውሃና ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን አልተናገርኩም።

ትንሽ አለፍ ብሎ በመንገዱ ዳር ረጅም አገዳ ላይ የተደረደሩ ሐምራዊ፣ ደወል የሚመስሉ አበቦች አየሁ። ለልብ ሕመምተኞች ስሰጠው የኖርኩት ዲጎክሲን የሚባለው መድኃኒት ከዚህ አበባ ወገን ከሆነ ተክል የሚወጣ ነው። ለልጆቹ «እዩት እንጂ እንዳትነኩት፤ በልኩ ከተሰጠ ልብን ያግዛል፣ ከልኩ ካለፈ ልብን ያቆማል» አልኳቸው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ያን ቀን ማታ ደብተሯ ላይ ሣለችው።

ከዚያ ወሬው ወደ ፈረስ ስም ዞረ። በእኛ አገር ጀግና ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ እንደነበር ነገርኳቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። ትንሹ ወዲያው ተነሥቶ «እኔ አባ ባርኒ ነኝ!» ብሎ አወጀ። አራቱንም ቀን በሌላ ስም ሲጠሩት እምቢ አለ።

የጎጆዋ ባለቤቶች

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። በጋዝ ምድጃው ሽሮ ሠርቼ ስናወጣ እሳቸውም ሽታው ስቧቸው ይሆን አላውቅም፣ ብቅ አሉ። ዳቦ በሽሮ ቀመሱና አመሰገኑ። ከዚያ ጎጆዋን እየዳሰሱ «ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ይዘው በየዓመቱ እዚህ በር ላይ የሚያርፉ ሰዎች ነበሩ» አሉን።

ትራቬለርስ የሚባሉት ናቸው። የአየርላንድ ተወላጆች ሆነው በአንድ ቦታ ሳይረጉ በፈረስና በጋሪ የሚዘዋወሩ፣ የራሳቸው ወግና ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች። በየመንደሩ እየዞሩ የተበሳ ቆርቆሮ ድስትና ባልዲ ይጠግኑ፣ ፈረስ ይሸጡ ይለውጡ ነበር። ፕላስቲክ ሲመጣ ድስትና ባልዲ የሚያስጠግን ጠፋ። ትራክተር ሲመጣ የፈረስ ገበያው ቀዘቀዘ። ብዙዎቹ ዛሬ የሚኖሩት በቤት ወይም በሞተር በሚጎተት ካራቫን ነው። ያቺ ክብ ጣሪያ ያላት ጎጆ ግን ለእንደኛ ዓይነቱ እንግዳ ሽርሽር ሆና ቀረች።

«እናንተ ስትመጡ በሬን እከፍታለሁ፣ እከፈልበታለሁም» አሉ ሽማግሌው። «እነሱ ቢመጡ ግን በዚህ ሰፈር የሚከፍትላቸው ብዙ አይደለም። እኔም አባቴ እንደሚከፍተው አልከፍትም፤ ይህ ደስ አይለኝም።»

ልጄም ደብሊን ውስጥ ነርስ ናት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነገሩን ከሥራዋ ጋር አያይዛ አስረዳችኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ትልቅ የጤና ጥናት መሠረት የትራቬለር ወንዶች ዕድሜ ከሌላው የአገሩ ወንድ በ15 ዓመት ያህል ያጥራል፤ የሴቶቹ ደግሞ በ11 ዓመት ተኩል። የአየርላንድ መንግሥት ራሱን የቻለ ብሔረሰብ መሆናቸውን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

አልጋዬ ላይ ሆኜ የእኛን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች አሰብኩ። በሠሩት ማረሻ አርሰን፣ በሠሩት ምጣድ ጋግረን፣ አብሮ መብላትን ግን ስንጠየፍ ኖረናል። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ከሸክላ ሠሪ ሴት አጠገብ አልቀመጥም ያለች እናት አይቻለሁ። እኔ ራሴ «ተይ ተቀመጪ» ከማለት ይልቅ ሌላ ወንበር እንዳቀረብኩላት ትዝ አለኝ።

ፈረሱ አልያዝ ሲል

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባርኒ አልያዝ አለ። የልጄ ባል መያዣውን ገመድ ይዞ ሲቀርበው ፈረሱ ሣር እየጋጠ ያስጠጋውና ሁለት እርምጃ ሲቀረው ፈቀቅ ይላል። ልጄ ከሌላ ወገን መጣች። ልጆቹ እየጮኹ መጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማሳውን ዞሩት። አማቼ ቦቲው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በካልሲው ሲቆም እኔ ከጎጆዋ ወረድኩ።

ባልዲ ውስጥ ጥቂት አጃ ጨመርኩና ወደ ማሳው መሐል ሄድኩ። ፈረሱን አላየሁትም። ጀርባዬን ሰጠሁትና ባልዲውን ቀስ አድርጌ እየነቀነቅሁ በሌላ አቅጣጫ መራመድ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ትከሻዬ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማኝ። አንገቱን እያሻሸሁ መያዣውን አጠለቅኩለት።

«እማማ! ይሄንን የት ተማርሽ?» አለች ትልቋ።

የት ተማርኩ? ጤና ጣቢያችን ፊት ለፊት አንድ ባለጋሪ ነበር። በየጠዋቱ ሜዳ ላይ ያደረ ፈረሱን እንደዚያ አድርጎ ሲይዝ በመስኮት አየው ነበር። አልረሳሁትም ማለት ነው።

ያን ቀን ፊት ወንበር ላይ የተቀመጥነው እኔና እሷ ነበርን፤ ዛቡን የያዘችው እሷ ናት። ሌሎቹ ከኋላ በእግራቸው ይመጣሉ። ጥያቄዋን ደገመችልኝ። ባጭሩ ልመልስላት ጀመርኩና ነገሩ ራሱ እየሳበኝ ሄደ። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንደሚነገር አድርጌ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ለእናንተ እንደ ነበረ ልጻፈው።

በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ እሠራ ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ ሌሊት ሁለተኛ ልጇን የወለደች ወጣት እናት ደም መፍሰስ ጀመራት። ሕፃኑ ደህና ነው፤ የእንግዴ ልጁም ወጥቷል፤ ማሕፀኗ ግን አልኮማተር አለ። የነበረንን መርፌ ወጋኋት፤ ግሉኮስ ሰቀልኩላት፤ ሆዷን እያሸሁ ያዝኩ። ደሙ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። የነበረችን አንዲት መኪና ተበላሽታ ቆማለች። ሆስፒታሉ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ባለጋሪውን ቀሰቀስነው።

ጋሪው ላይ ጭድ አንጥፈን አስተኛናት። ባሏ ፋኖስ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ ባለጋሪው ልጓሙን ይዞ ከፈረሱ ራስ ሥር ይራመዳል፤ እኔ ተንበርክኬ እጄን ከሆዷ ላይ አላነሣም። ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። «ግረፈው! አስሩጠው!» እያልኩ እጮሃለሁ። «ሲስተር፣ ብገርፈው ይወድቃል። ከወደቀ ማናችንም አንደርስም» ይለኛል። እሷ በየመሐሉ «ደረስን?» ትላለች። «ደርሰናል» እላታለሁ። የከተማው መብራት ከሩቅ ሲታይ መጠየቋን አቆመች።

ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ባሏ እየሰማ፣ ባለጋሪውን «አንተ ነህ የገደልካት!» አልኩት። ሰውዬው አልመለሰልኝም። ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ በላብ የተጠመቀውን ፈረስ ጀርባ አለበሰ። ሒሳብም ሳይጠይቅ ሄደ። ከዚያ በኋላ በዚያች ከተማ ስድስት ወር ሠራሁ። በየቀኑ ጠዋት በመስኮት አየው ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያጋጥመኝ ግን ፊቴን አዞር ነበር።

ልጅቷ ብዙ ዝም አለች። የባርኒ ኮቴ ብቻ ይሰማል። ከዚያ «ሶሪ አልሽው?» አለችኝ።

«አላልኩትም።»

«አባ ማን ነበር?»

አባ ማን እንደነበር አላውቅም። የፈረሱንም የሰውዬውንም ስም ጠይቄ አላውቅም።

ቁልቁለቱ

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠንከር አለ። ከአንድ ረጅም ዳገት ላይ እንደ ደንቡ ወርደን በእግራችን ወጣን፤ ጉልበቴ እንዳሰብኩት አልከዳኝም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን አማቼ ፍሬኑን ያዘ፤ ልጄ ትንሹን አዘለች፤ ልጓም ይዤ ከፊት ልሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። «እማማ፣ ይተዉ እኔ እይዛለሁ» አለኝ፤ እምቢ አልኩ።

አስፋልቱ ረጥቧል። ግማሽ ላይ ስንደርስ የባርኒ የኋላ እግር አዳለጠው። ያ ግዙፍ ፈረስ ወደ ፊት ተንደረደረ፤ የጎጆዋ ክብደት ሁሉ ከኋላ ሲገፋው፣ አንገቱ ሲገተር፣ ዓይኑ ነጭ ሲሆን ከአጠገቡ ሆኜ አየሁ። ምናልባት ሦስት ሴኮንድ ነው። እግሩን መልሶ ተከለና ቆመ። ሁለታችንም እየተንቀጠቀጥን እዚያው ቆመን ቀረን። አንገቱን እያሻሸሁ «አይዞህ፣ አይዞህ» አልኩት።

በቀን ብርሃን ነው፤ በጥሩ አስፋልት ነው፤ ፍሬን አለን፤ ቀልበ ሙሉ የሆነ፣ አጃ የጠገበ ፈረስ ነው። ያ ሰውዬ በጨለማ፣ በጭቃ፣ ፍሬን በሌለው ጋሪ፣ ገለባ እየበላ ባደገ ፈረስ ነበር አራት ሰው ይዞ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር የሄደው። እርሻው ግቢ ያሉት ሴትዮ ከሁለት ሰዓት ትምህርት ጋር የነገሩኝን እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ነበር። እውነቱን ነበር። ያቺን እናት የፈረሱ እርምጃ አልገደላትም፤ ከፈረስ ሌላ ምንም ስላልነበረን ነው የሞተችው። መኪና አልነበረም፣ የሚሰጥ ደም አልነበረም፣ ስልክ አልነበረም። ይህን ሁሉ የምቆጣበት አጥቼ አጠገቤ ባገኘሁት ሰው ላይ ጣልኩት።

በሦስተኛው ቀን ብሪታስ ቤይ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አጠገብ አደርን። አሸዋው ረጅም ነው፤ ልጆቹ ከክምሩ ላይ እየተንከባለሉ ዋሉ። በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ልጆቹ ሲተኙ እኔና ልጄ የጎጆዋ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ለእሷም ነገርኳት። እሷም እንደ እኔ ነርስ ናትና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እጇን እጄ ላይ አደረገች። «እማዬ፣ እኔም እንዲህ ያለ ነገር አለኝ» አለችና የራሷን አወራችኝ። እሱን አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

ያ እርምጃ እነሱ አገር ሲሆን ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ዕረፍት ነው። አራት ቀን ሄደን የተጓዝነውን መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ እኛም ደስ ያለን ለዚህ ነው። ግን ልጁ ጎጆዋ ላይ ሆኖ ቢታመም አማቼ ስልክ አውጥቶ ይደውላል፤ አምቡላንስ ይመጣል። ቀስ ብሎ መሄድ የሚጥመው መፍጠን ለሚችል ሰው መሆኑን ልጆቼ እንዲያውቁት ነገርኳቸው። በእኛም አገር ዛሬ ብዙ ተለውጧል፤ በየወረዳው አምቡላንስ፣ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለመውለድ የቀረቡ እናቶች የሚያርፉበት ማቆያ አለ። ሁሉም ቦታ ይደርሳል ማለት ግን አይደለም።

ለምታስቡ

ልጆቻችሁ ውጭ አገር ያሉና እንዲህ ያለ ጉዞ የሚያቀርቡላችሁ አያቶች ካላችሁ፣ እሺ በሉ። የሚከተለውን ግን ልብ በሉ።

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳችሁ ያዙ፤ ሱቅ ሩቅ ነው። ጣት የሚሸፍን ጠንካራ ጫማና የዝናብ ልብስ ያስፈልጋል። ለሌሊት ሽንት የእጅ ባትሪ አትርሱ፤ እርጥብ ሣር ላይ መውደቅ ለእኛ ዕድሜ ቀላል አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ጀርም አፈርና የፈረስ ፋንድያ ውስጥ ስለሚገኝ የልጆቹም የእናንተም ክትባት ያላለፈበት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ፈረስ ከነካ በኋላ እጅ ሳይታጠብ ምግብ የለም። ማታ ማታ የልጆቹን እግርና ብብት ለመዥገር ፈትሹ። ልጆች ከፈረስ ኋላ እንዳይሄዱ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ቢሾፍቱም ባሕር ዳርም ጋሪ ነበረን፤ ባጃጅ ገፋው እንጂ በየከተማው ዛሬም አለ። የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የፈረሱን አንገትና ጀርባ እዩ። ቁስል ካለበት አትሳፈሩ፤ ለባለጋሪውም በጨዋ ቃል ምክንያቱን ንገሩት። ከልክ በላይ አትጫኑ። ዳገት ላይ ውረዱ፤ ለጉልበታችሁም ጥሩ ነው።

እኔ ከአየርላንድ በተመለስኩ በሁለተኛው ወር ለቤተ ዘመድ ጉዳይ ቢሾፍቱ ሄጄ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ባጃጆቹ ሲጠሩኝ አልፌ አንድ ጋሪ ጋ ሄድኩ። የፈረሱን አንገት በመዳፌ ዳሰስኩ፤ ደህና ነው። ባለጋሪው ልጅ እግር ነው፤ ግራ ገብቶት ያየኛል።

«ፈረስህ ማን ይባላል?» አልኩት።

«ቡላ።»

«አንተስ?»

ስሙን ነገረኝ። ሁለቱንም ስም ማታ ለልጅ ልጄ በስልክ ላክሁላት። ከዚያ ደግፎ አወጣኝና በርምጃ ሄድን።